ውሻን በሚያክሙ ሠራተኞች ላይ ስለሚደርስ ሥውር በሽታ

በአገራችን ሰው ውሻን የሚፈራው ስለ ጥርሱ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ስንቱን እንደ ፈጀ የታወቀ ስለ ሆነ ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ውሻን ዘወትር በእጁ እየያዘ ለሚያክም ሠራተኛ፥ በጠጉሩ ላይ ያለው አደጋ እንደ ጥርሱ አይታይምና ይልቁን ያሳስባል።

ይኸውም ኤኪኖኮከስ የሚባለው ትል ነው። ርዝመቱ ከ7 ሚሊ ሜትር የማያልፍ ሆኖ በውሻ አንጀት ይኖራል፤ ውሻውንም እምብዛም አያሳምመውም። በበዓል ቀን በየቤቱ በግ ሲታረድ፥ ውኃ የቋጠረ ከረጢት የታየበትን ሳንባና ጉበት ለውሻ መጣል ልማድ ሆኗል፤ ትሉም ወደ ውሻው የሚገባው በዚሁ ነው። ዕንቁላሉ ከዐይነ ምድር ጋር ወጥቶ በጠጉር ላይ ይጣበቃል። ወደ ሰው አፍ የገባ እንደ ሆነ በጉበት ወይም በሳንባ ላይ ያንኑ ከረጢት ያበቅላል።

ሌሎችን ከዚህ በሽታ ለማዳን የሚደክመው ሠራተኛ ራሱ ወደ አደጋው መቅረቡ የግድ ነው። ኒውዚላንድ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1959 ዓ.ም. ባወጣችው ሕግ ለውሾች መድኃኒት መስጠትን ግዴታ አደረገች። ያን ጊዜ የነበረው አሬኮሊን ውሻውን እያስቀመጠ ትሉን ከነዕንቁላሉ ያስወጣ ነበር። ዛሬ የሚሰጠው ፕራዚኳንቴልም ትሉን ይገድላል እንጂ ዕንቁላሉን አይገድልም፤ ስለዚህ ዐይነ ምድሩ ተሰብስቦ ሊቃጠል ይገባል። አልኮልም ዕንቁላሉን ስለማይገድለው፥ የውኃ ቧንቧ በሌለው ክሊኒክ የአልኮል ጠርሙስ ማስቀመጥ ለሠራተኛው ጥቅም የለውም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የጊዜው ነገር ነው። ከረጢቱ ለብዙ ዓመታት ምልክት ሳያሳይ ቀስ በቀስ ያድጋል። በ25 ዓመቱ የተያዘ ሐኪም ሕመሙ የሚገለጥበት በ40 ዓመቱ ሊሆን ይችላል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከሥራው ዓይነት ወይም ከሥራው አካባቢ የሚመጣውን በሽታ በሥራ ምክንያት እንደ መጣ ይቈጥረዋል። ሕጉ መልካም ነው፤ ዳሩ ግን ሲቀጠር ጤነኛ እንደ ነበረ የሚመሰክር ወረቀት የሌለው ሰው በምን ያስረዳል? በቤትህ ውሻ አልነበረህምን ቢሉትስ ምን ይመልሳል? ለመንግሥት ሠራተኛም ጥያቄው ያው ነው። ስለዚህ አሠሪው መሥሪያ ቤት ሠራተኛውን በሚቀጥርበት ቀን ጉበቱን በአልትራሳውንድ፥ ሳንባውንም በራጅ አስመርምሮ፥ ውጤቱን ከግል መዝገቡ ጋር ሊያኖርለት ይገባል።