በቀን ዘጠኝ ሰዓት

አንዲት ልጃገረድ ከቤት ሥራ ተርፋ ሥዕል ስትሥል ወይም ዜማ ስትለማመድ ብትገኝ፣ «ሥራ ፈታች» የሚላት ሰው አይጠፋም። ወንድሟ ከደጅ ኳስ ሲያንከባልል ቢውል ግን «ልጅ አይደል!» ተብሎ ይታለፋል። ተማሪዎች ሆይ፣ ይህ ፍርድ ትክክል ነው ትላላችሁን? እኔ አይደለም እላለሁ፤ ምክንያቴንም ከአንዲት ኢትዮጵያዊት የትምህርት ታሪክ ተነሥቼ አቀርባለሁ።

በኋላ እማሆይ ጽጌ ማርያም የተባሉት የውብዳር ገብሩ በ1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ናቸው። በስድስት ዓመታቸው ከእኅታቸው ከስንዱ ጋር ወደ ስዊዘርላንድ ተልከው ከአዳሪ ትምህርት ቤት ገቡ፤ የሙዚቃን ትምህርትም በዚያ ጀመሩ። ወደ አገራቸው ተመልሰው በስድስት ኪሎ አጠገብ በሚገኘው በእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ሲማሩ የጣልያን ወረራ መጣ። በ1929 ዓ.ም. ከቤተሰባቸው ጋር ተግዘው አዚናራ ወደምትባለው ደሴት ተወሰዱ።

ከነጻነት በኋላ ካይሮ ሄደው አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ከተባለ የፖላንድ ተወላጅ ቫዮሊን ተማሩ። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። በየቀኑ አራት ሰዓት ቫዮሊን፣ አምስት ሰዓት ፒያኖ ይለማመዱ ነበር። በቀን ዘጠኝ ሰዓት! የካይሮ ሙቀት ጤናቸውን እስኪያውከው ድረስ በዚሁ ጸኑ። ለንደን ሄዶ የመማር ዕድል ደግሞ ከተገኘ በኋላ ፈቃድ ተከለከለና ቀረ። ገና በወጣትነታቸው ወደ ግሸን ማርያም ገዳም ገብተው ዐሥር ዓመት ያህል ቆዩ፤ መነኰሱም። ኋላ የፒያኖ ድርሰታቸው በጀርመን አገር በሸክላ ታተመ፤ ገቢውም ወላጅ ለሌላቸው ሕፃናት መርጃ ዋለ። በ2015 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም ሲያርፉ ዕድሜያቸው 99 ነበር።

ብዙ ሰዎች ይህን ታሪክ ሲያወሩ ስለ ተሰጥኦና ስለ ምናኔ ብቻ ይናገራሉ። ምናኔውን አከብራለሁ፤ ሆኖም ዘጠኙ ሰዓት ሲዘነጋ ዝም ማለት አይቻለኝም።

«የከንቲባ ልጅ ስለሆኑ ነው፤ የድኻ ልጅ ይህን ጊዜ ከየት ታመጣለች?» የሚል ተከራካሪ ይነሣ ይሆናል። እውነት አለው። ነገር ግን ወደ ጉለሌ፣ ወደ ሽሮ ሜዳ፣ ወጣ ብላችሁ ሸማኔዎቹን ተመልከቱ። የሸማኔ ልጅ ከአባቱ አጠገብ ተቀምጦ መወርወሪያው ሲመላለስ እያየ፣ ቆይቶም በእጁ እየሞከረ፣ ለዓመታት ይሠለጥናል። አባቱ ሀብታም አይደለም፤ ልጁንም «ተሰጥኦ አለህ ወይ?» ብሎ የጠየቀው የለም። እኅቱ ግን በልማድ ድርሻዋ ጥጥ ባዝታ መፍተል ነው፤ ፈትሉ ከእጇ ሲወጣ ትምህርቷም በዚያው ያበቃል፤ ጥለቱን የሚያወጣው ሌላ ነው። እንግዲህ በአንድ ጣራ ሥር ለአንዱ የተገኘው የመማሪያ ጊዜ ለሌላይቱ የታጣው በድኽነት ምክንያት ብቻ ነውን?

ዘጠኝ ሰዓት ይሰጣት አልልም። ከትምህርት በኋላ አንድ ሰዓት ብቻ፣ የሥዕሉም ሆነ የሙዚቃው ክፍል ሳይቆለፍ ይቆያት፤ ወንድሟም ለዚያች አንድ ሰዓት የውኃውን ጀሪካን ይሸከምላት።