ማኅተሙን ሳንመረምር በሩን አንክፈት

ባገራችን ማኅተም የሌለበት የመንግሥት ደብዳቤ እምነት የሚጣልበት እንዳልነበረ ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነው። ያለፉት ነገሥታት ደብዳቤ ሲጽፉ ማኅተማቸውን በጽሕፈቱ ራስ ላይ ያሳትሙ ነበር። ይህም የሚደረገው ለጌጥ ብቻ አልነበረም። መልእክተኛው አንደበቱ የተባ፥ ጽሕፈቱም ያማረ ቢሆን፤ ማኅተሙን ሳይመለከት የሐሰት ትእዛዝ የፈጸመ ሹም «አታልለውኝ ነው» ብሎ ከወቀሳ ሊድን አይችልም ነበርና ነው።

ዛሬ የመንግሥትም ሆነ የቤተ ክህነት መዝገብ ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር በመሻገር ላይ ይገኛል። የግብር ሒሳብ፥ የመሬት ይዞታ፥ የልደትና የጋብቻ ምዝገባ፥ የሠራተኛ ደመወዝ በብዙ ሥፍራ የሚጠበቀው ሰርቨር በሚባለው ኮምፒዩተር ውስጥ ነው። ሰርቨሩ ያለበት ክፍል ከሠራተኛው ጠረጴዛ እጅግ የራቀ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሠራተኛው በተቀመጠበት ሆኖ የሩቁን ሰርቨር መስኮት በፊቱ ከፍቶ እንዲሠራበት የሚያስችል፥ ሪሞት ዴስክቶፕ የተባለ ዘዴ አለ። ማይክሮሶፍት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ይህን ዘዴ ከ1998 ጀምሮ ከዊንዶውስ ጋራ አቅርቦታል። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ካገራችን አዋጅ በቀር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) የዘዴው ጥቅም ብዙ መሆኑን ማንም አይክደውም። ነገር ግን ለባለቤቱ መንገድ ያሳጠረ ለሌባም መንገድ እንደሚያሳጥር ማሰብ ይገባል።

በዚህ መንገድ ላይ የጥንቱን ማኅተም ሥራ የሚሠራው ሰርተፊኬት የሚባለው ነው። ሠራተኛው የሩቁን ሰርቨር ሲጠራ ሰርቨሩ ሰርተፊኬቱን ያቀርባል። በሰርተፊኬቱም ላይ የሰርቨሩ ስም፥ ያተመለት ባለሥልጣን ስምና የሚጸናበት ዘመን ተጽፎ ይገኛል። ከዚህም ጋራ ለሁሉ የሚገለጥ አንድ የሒሳብ ቍልፍ አለበት፤ የዚህ ቍልፍ ባልንጀራ የሆነው ሁለተኛው ቍልፍ ግን በሰርቨሩ ዘንድ ተሰውሮ ይቀራል። ሰርቨሩ ይህ ስውር ቍልፍ በእጁ መኖሩን በሒሳብ ካስረዳ በኋላ ሁለቱ ወገኖች ለዚያ ጊዜ ብቻ በሚያገለግል የምሥጢር ቍልፍ ይስማማሉ። ከዚያ ወዲያ የሚላላኩት ቃል በመካከል ሆኖ ለሚያደምጥ ሰው ትርጕም የሌለው ይሆንበታል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ነገርን በምሥጢር መናገር የሚጠቅመው ምሥጢሩን ለማን እንደምንናገር ስናውቅ ነው። አንድ ሌባ በመንገዱ መካከል ቆሞ ለሠራተኛው ሰርቨሩን፥ ለሰርቨሩም ሠራተኛውን መስሎ ቢቀርብ፤ ሠራተኛው የይለፍ ቃሉን ከሌላ ሰው ሁሉ ሰውሮ ለሌባው ብቻ ሊያስረክበው ይችላል። ይህን የሚከለክለው የሰርተፊኬቱን ስምና ያተመውን ባለሥልጣን መመርመር ነው።

ይህ ስጋት የፈጠራ ወሬ አለመሆኑን ለመረዳት የሪሞት ዴስክቶፕን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ንግግሩ በምሥጢር ጽሕፈት ይሸፈን ነበር፤ የሰርቨሩ ማንነት ግን በሚገባ አይረጋገጥም ነበር። በ2005 አንድ የጥበቃ መርማሪ እንደ ገለጠው፥ የሰርቨሮቹ ቍልፍ እውነተኛ መሆኑን ለማሳየት የሚታተምበት ስውር ቍልፍ በዊንዶውስ ውስጥ ተቀምጦ ከዊንዶውስ ጋራ ለገዢው ሁሉ የሚታደል ነበር። የማኅተሙ ቅርጽ በየገበያው ከታደለ የማኅተሙ መኖር ምን ይጠቅማል? በዚያው ዓመት ለዊንዶውስ ሰርቨር 2003 በወጣው ማሻሻያ፥ ቲኤልኤስ የተባለው የታወቀ የምሥጢር ሥርዓት ከነሰርተፊኬቱ ለሪሞት ዴስክቶፕ እንዲያገለግል ተደረገ።

እንግዲህ መሣሪያው ከተገኘ ብዙ ዘመን ሆኗል። የጐደለው የእኛ ትጋት ነው። ዊንዶውስ ሌላ ሰርተፊኬት ካልተሰጠው ራሱ ለራሱ ያትማል፤ የዚህም ዘመኑ ስድስት ወር ሲሆን በየጊዜው ራሱ ይተካዋል። ይህ አንድ እንግዳ ከበር ቆሞ «እኔ እገሌ ነኝ» የሚል ወረቀት በገዛ እጁ ጽፎ፥ በገዛ ማኅተሙም አትሞ እንደሚያቀርብ ነው። ሰውዬው እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ ወረቀቱ ግን አያስረዳም። ስለዚህም የሠራተኛው ኮምፒዩተር የሩቁን ኮምፒዩተር ማንነት ለማረጋገጥ አለመቻሉን ገልጦ «ይህም ሆኖ ለመቀጠል ይፈልጋሉን?» ብሎ ይጠይቃል።

የዚህ ጽሑፍ ጸሐፊ ስሙን መጥቀስ በማያስፈልግ አንድ መሥሪያ ቤት ለጉዳይ ቆሞ ሳለ ይኸው ጥያቄ በአንድ ወጣት ሠራተኛ ፊት ሲመጣ ተመልክቷል። ወጣቱ እጁን አንሥቶ ጥቂት አሰበ። ካጠገቡ የነበሩት አለቃው ግን «ሁልጊዜ የሚመጣ ነው፤ አዎን በለውና እለፍ፤ ሰው ቆሟል» አሉት። እሱም አዎን ብሎ አለፈ። በዚያች ቀን አንዳች ጉዳት የደረሰ አይመስለንም። ነገር ግን ያ ወጣት በዚያች ደቂቃ አንድ ትምህርት ተማረ፤ እሱም ማስጠንቀቂያን ሳያነቡ ማለፍ የትጉህ ሠራተኛ ምልክት ነው የሚል ነው። እውነተኛው ሌባ በመጣ ቀን የሚታየው ጥያቄ ከዚያው ጥያቄ የሚለይ ምንም ነገር አይኖረውም፤ ወጣቱም እንደ ለመደው አዎን ይላል።

ጥፋቱን በወጣቱ ላይ መጣል ፍርድ ማጓደል ነው። በየቀኑ ያለ ምክንያት የሚጮኽ ዘበኛ የቀጠረ ቤት ዘበኛው በእውነት በጮኸ ሌሊት የሚነሣለት አያገኝም። ስለዚህ የመጀመሪያው ግዴታ የአለቆች ነው፤ ይኸውም ማስጠንቀቂያው ያለ ምክንያት እንዳይመጣ አድርጎ ሰርቨሩን ማዘጋጀት፥ ከዚያም በኋላ የመጣውን ማስጠንቀቂያ ማክበር ነው።

የማኅተሙን ያህል የማኅተም ጠባቂውም ነገር የሚያሳስብ ነው። ካህናት አንባቢዎቻችን የናቡቴን ታሪክ ያውቁታል። ኤልዛቤል ደብዳቤውን በአክዓብ ስም ጽፋ ያተመችው በእውነተኛው የንጉሥ ማኅተም ነበር፤ ደብዳቤው የደረሳቸው ሽማግሌዎችም ታዘዙ፥ ንጹሑም ሰው በድንጋይ ተወገረ። በዘመናችንም የሚመሳሰል ነገር በሆላንድ አገር ደርሷል። ዲጂኖታር የተባለው ሰርተፊኬት የሚያትም ኩባንያ በ1911 ሳይሆን ትናንት በሚባል ዘመን በ2011 ሌቦች ገቡበትና በስሙ ከ500 የሚበልጡ የሐሰት ሰርተፊኬቶች አተሙ። ከነዚህም አንዱ በጉግል ስም የታተመ ሲሆን በኢራን አገር ያሉ ሰዎችን የግል መልእክት ለመስለል አገልግሏል፤ ጉዳዩን የመረመሩት ባለሙያዎች ይህ የነካቸው የኢንተርኔት አድራሻዎች ሦስት መቶ ሺህ ያህል መሆናቸውን ገለጡ። የሆላንድ መንግሥት ራሱ በዚሁ ኩባንያ ሰርተፊኬት ይሠራ ስለ ነበር የኩባንያውን ሥራ በእጁ ለማድረግ ተገደደ፤ ኩባንያውም በዚያው ዓመት በመስከረም ወር ከሰረ። መርማሪዎቹ ካገኙት ጕድለት አንዱ ሰርቨሮቹን ሁሉ በአንድ የይለፍ ቃል ማዘዝ መቻሉና ያም ቃል ደካማ መሆኑ ነበር። ብዙ ሺህ ሰው የታመነበት ማኅተም በአንድ ደካማ ቃል ምክንያት ወደቀ።

ደግሞም ሰርተፊኬት ያለው ሰርቨር ከክፉ ሁሉ የተጠበቀ ነው ብሎ መመካት አይገባም። ማኅተም ማንነትን ያስረዳል፥ ንግግርንም ይሸፍናል እንጂ በርን አይዘጋም። በግንቦት 2019 ማይክሮሶፍት፥ ብሉኪፕ የሚል ስም የተሰጠውን አንድ ስንጥቅ አስታወቀ። በዚህ ስንጥቅ ሌባ ያለ አንዳች የይለፍ ቃል በአሮጌ የዊንዶውስ ዓይነቶች ውስጥ በሪሞት ዴስክቶፕ በኩል ለመግባት ይችል ነበር። አደጋው ከባድ ስለ ሆነ ኩባንያው ድጋፉን ላቆመላቸው ለዊንዶውስ ኤክስፒና ለዊንዶውስ ሰርቨር 2003 ጭምር መጠገኛ አወጣ። ከዚያ ቀደም ብሎ በመጋቢት 2018 ሳምሳም የተባለው መዝገብ ቈልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ተንኰል የአሜሪካዋን የአትላንታን ከተማ ማዘጋጃ ቤት መታ፤ የከተማው ፍርድ ቤትና የውኃ ክፍያ ሥራ ተጓጐለ። የሳምሳም ሌቦች በሪሞት ዴስክቶፕ መግባት ልማዳቸው እንደ ነበረ የአሜሪካ መንግሥት የጥበቃ መሥሪያ ቤቶች በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ገለጡ። እንዲህ ያሉ ሌቦች የይለፍ ቃል እየገመቱ ወይም የተሰረቀ ቃል እየገዙ ስለሚገቡ ሰርተፊኬት ብቻውን አያስቀራቸውም።

ይህንን ስንናገር «እኛ ድኾች ነን፤ የእኛን መዝገብ ማን ይፈልገዋል?» የሚሉ እንደሚገኙ እናውቃለን። ሌባው ግን አስቀድሞ ስማችንን ጠይቆ አይመጣም። ሪሞት ዴስክቶፕ የሚሠራበት የበር ቍጥር 3389 መሆኑ የታወቀ ስለ ሆነ ይህ በር የተከፈተበትን ኮምፒዩተር ሁሉ በዓለም ዙሪያ የሚያስሱ መሣሪያዎች ቀንና ሌሊት ይሠራሉ። «ገንዘብ የለም» ለሚሉም መልስ አለ። በዊንዶውስ ሰርቨር ውስጥ የመሥሪያ ቤቱን የራሱን ሰርተፊኬት ለማተም የሚያስችል ክፍል አብሮ ይገኛል፤ በኢንተርኔት ላይ የታወቀ ስም ላላቸው ሰርቨሮችም ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ድርጅት ከ2015 ጀምሮ ያለ ዋጋ ሰርተፊኬት ይሰጣል። የሚፈለገው ከገንዘቡ ይልቅ ሐሳብና ትጋት ነው።

ሕጋችንም ለዚህ ነገር ባዕድ አይደለም። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቍጥር 1072/2010 ሲወጣ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ለሰርተፊኬት ሰጪዎች ሁሉ ሥር እንዲሆን ተወስኗል። አዋጁ የወጣው ስለ ፊርማ ቢሆንም የያዘው ሐሳብ አንድ ነው፤ ማኅተም የሚታመነው ከላዩ የሚያውቀውና የሚቈጣጠረው ባለሥልጣን ሲኖረው ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ ለሚለው የምናሳስበው ይህ ነው። አንደኛ፥ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት በሩቅ የሚሠራባቸውን ሰርቨሮች ስም ይመዝግብ፤ ለያንዳንዳቸውም ከታወቀ ባለሥልጣን ሰርተፊኬት ያውጣ፤ የዚያንም ባለሥልጣን ማኅተም በሠራተኞቹ ኮምፒዩተር ሁሉ ያስታውቅ። ይህን ለማድረግ ያልቻለ ትንሽ ጽሕፈት ቤት ቢኖር ባለሙያው የሰርተፊኬቱን አሻራ በወረቀት ጽፎ ለሠራተኛው ይስጠው፤ ሠራተኛውም በመጀመሪያው ቀን በፊቱ ከሚታየው ጋራ ያስተያየው። ሁለተኛ፥ ሠራተኛው ሰርቨሩን በሰርተፊኬቱ ላይ በተጻፈው ስም ይጥራው፤ በቍጥር አድራሻ የጠራው እንደ ሆነ ስሙ ስለማይገጥም ከንቱ ማስጠንቀቂያ ይመጣል። ሦስተኛ፥ የሰርተፊኬቱን ዘመን የሚጠብቅና የሚያሳድስ ሰው በጽሑፍ ይመደብ። በ2025 የዓለም ሰርተፊኬት ሰጪዎችና የብራውዘር ሠሪዎች ማኅበር በሕዝብ ዘንድ የሚታመኑ ሰርተፊኬቶች ዘመን ደረጃ በደረጃ እንዲያጥርና ከ2029 ጀምሮ ከ47 ቀን እንዳይበልጥ ወስኗል፤ ስለዚህ እድሳቱ በራሱ የሚፈጸምበትን ሥርዓት ካሁኑ ማሰናዳት ያስፈልጋል። አራተኛ፥ ስውሩ ቍልፍ በፍላሽ አይዞር፥ በኢሜይልም አይላክ፤ የማኅተምን ቅርጽ በኪስ ይዞ የሚዞር ጸሐፌ ትእዛዝ ማን አይቶ ያውቃል? አምስተኛ፥ 3389 የተባለው በር ለዓለም ሁሉ አይከፈት፤ በቪፒኤን ወይም በመተላለፊያ ሰርቨር በስተኋላ ይሁን፤ ከይለፍ ቃሉ ጋራ ሁለተኛ ማረጋገጫ ይጠየቅ፤ መጠገኛውም በወጣ ጊዜ ሳይዘገይ ይግባ።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን ምንም ወጪ የማይጠይቀው ነው። ማስጠንቀቂያ በመጣ ጊዜ ሥራውን አቁሞ ባለሙያውን የጠራ ሠራተኛ ሊመሰገን እንጂ ሊገሠጽ አይገባም። ለጉዳይ የቆመው ሰው ጥቂት ደቂቃ ቢጠብቅ ይሻለዋል፤ መዝገቡ የጠፋ እንደ ሆነ የይዞታውን ማስረጃ ፍለጋ ዓመታት መመላለስ ይመጣበታልና።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፥ መዝገብ ከተዘረፈ በኋላ ኮሚቴ ማቋቋምና ሪፖርት መጻፍ የሄደውን አይመልስም። አባቶቻችን ማኅተም ሳይመረምሩ ትእዛዝ አልተቀበሉም። እኛም በሩቁ ሰርቨር ፊት በቆምን ጊዜ «ለመቀጠል ይፈልጋሉን?» ለሚለው ጥያቄ አስቀድመን አንብበን፥ ከዚያም መርምረን መልስ እንስጥ። በመዝገቡ ውስጥ የተጻፈው የሕዝብ ስም፥ የሕዝብ ርስትና የሕዝብ ገንዘብ በአደራ የተሰጠን ነውና።