የምናብ ጭሰኞች

ከሲያትል ዋሽንግተን ሐይቅን ተሻግሮ የማይክሮሶፍት መቀመጫ ሬድመንድ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2009 የኩባንያው የ«ሄሎ» ጨዋታ ዓለም «ኢቮሉሽንስ» በተሰኘ የአጫጭር ልብ ወለድ መድብል ሰፋ፤ በጨዋታው እዚህ ግቡ ያልተባሉ ወታደሮችና ባላንጣዎች የየራሳቸው ታሪክ ተጻፈላቸው። አንባቢ ይህን የትንንሾች ትንሣኤ ብሎ ያወድሳል። ውዳሴው ግን የባለቤትነትን ጥያቄ ይሸፍናል፤ የመድብሉ የቅጂ መብት የማይክሮሶፍት ነው።

የ1976ቱ የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ ደራሲ አሳልፎ የሰጠውን መብት ከ35 ዓመት በኋላ ማስመለስ እንዲችል ይፈቅዳል፤ «የቅጥር ሥራ» የተባለ ድርሰት ግን ከዚህ ውጭ ነው። ለመድብል የታዘዘ ጽሑፍም፣ ሁለቱ ወገኖች በጽሑፍ ከተፈራረሙ፣ እዚያው ይመደባል።

ውጤቱ በ«ስታር ዋርስ» ታይቷል። በ1995 የታተመ መድብል በፊልሙ መጠጥ ቤት ለቅጽበት ብልጭ ላሉ ፍጥረታት ሙሉ የሕይወት ታሪክ ሰጣቸው። ዲዝኒ ሉካስፊልምን በ2012 ገዛ፤ በ2014 በወጣ አንድ መግለጫ እነዚያ ታሪኮች «አፈ ታሪክ» ተብለው ከይፋዊው ትረካ ወጡ።

«አደጋውን የተሸከመ ትርፉን ይውሰድ» የሚለው መከራከሪያ ለመጀመሪያው ፊልም ይሠራል። ገዢው አስቀድሞ ለሚጠብቀው መድብል ግን አይሠራም፤ እዚህ አዲስ ነገር የሚጨምረው ደራሲው ነው።

«መሬት ላራሹ» ያለ ትውልድ ልጆች ውሉን ያውቁታል፦ ጭሰኛው ያርሳል፣ ርስቱ የሌላ ነው። ስለዚህ ደራሲው ከመፈረሙ በፊት ከሽያጩ ድርሻ ይጠይቅ፤ ሕግ አውጪውም ለመድብል የታዘዘ ጽሑፍን ከ«ቅጥር ሥራ» ዝርዝር ይሰርዝ። ርስት የሌለው ድምፅ የሚሰማው ባለርስቱ እስከፈቀደ ድረስ ብቻ ነው።