ስለ ከባድ መኪናዎችና ስለ ሠፈራችን ቱቦ



ባለፈው ክረምት ከወፍጮ ቤቱ ዝቅ ብሎ የተቀበረው ቱቦ መሰበሩን የማያውቅ በመካከላችን የለም። ቱቦውን የቀበርነው እኛው ነን። ገንዘቡን ከየቤቱ አዋጥተን፣ ክርስቲያኑ በዓል ሲያከብር ሙስሊሙ፣ ሙስሊሙ ሲያከብር ክርስቲያኑ እየወጣ ቆፍረን ነው። ሁለት ክረምት ውሃውን በሰላም አሳለፈልን። በሦስተኛው፣ አንድ ቀን አመሻሽ ላይ፣ እርጥብ አሸዋ እስከ አፉ የሞላ ገልባጭ ሲኖትራክ አለፈበትና እንደ ሸክላ ምጣድ ለሁለት ከፈለው። በዚያው ሌሊት ዝናብ ጣለ። ጎርፉ ሦስት ቤት ገባ፤ የአንዲት እናታችን የዓመት ጤፍ ከነጎተራው በሰበሰ። ገልባጩ አሸዋውን ደፍቶ ሄዷል፤ ታርጋውን ያየ የለም።

ከዚያ በኋላ የሆነውንም ታውቃላችሁ። ወጣቶቻችን መንገዱ ላይ ድንጋይ ደርድረው ሁለት ቀን ሙሉ መኪና አናሳልፍም አሉ። በስብሰባችንም ላይ «ለሁልጊዜው ዘግተን እንገላገል!» ያሉት ጥቂቶች አልነበሩም። እኛ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጆች ግን በዚህ አሳብ አንስማማም። ምክንያታችንን ከመግለጻችን በፊት፣ በስብሰባው ላይ ሁሉም እያወቀ ማንም ያላነሣውን አንድ ነገር እናንሣ፤ ያ አሸዋ የመጣው ለሩቅ ሰው አልነበረም። ከእኛው መካከል ለአንዱ አባል ቤት ነው። ስም አንጠራም፤ ነገ የማናችንም ተራ ሊሆን ይችላልና።

ለመሆኑ መካነ ሰላም ያለ ከባድ መኪና ምን ልትሆን ነው? ፌሮው ወይም ፌሮው የሚሠራበት ብረት በጅቡቲ ወደብ ገብቶ፣ የጋላፊንና የሚሌን በረሃ አቋርጦ ነው ወደ እኛ የሚወጣው። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብትሆን ነው፤ ነገር ግን በዚያች አጭር መንገድ መኪናው ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። ከደሴ ደግሞ በአቀስታ አድርጎ እኛ ዘንድ ለመድረስ ወደ 180 ኪሎ ሜትር የሚሆን ደጋ፣ ጉምና ጠመዝማዛ ይቀረዋል። ሾፌሮች እንደሚነግሩን ቁልቁለቱን የሚያወርደው ማርሽ እንጂ ፍሬን አይደለም፤ ዳገቱን በወጣበት ማርሽ የማይወርድ ሰው ፍሬኑ ግሎ ገደሉ ላይ ይከዳዋል። በ2017 ዓ.ም. ሰሜን ሸዋ ለሚ ላይ ትልቁ የሲሚንቶ ፋብሪካ ሲመረቅ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር፤ ግን ከለሚ እስከ እኛ ያለው መንገድ በዚያ ምክንያት አላጠረም። ሲሚንቶው ያው በመኪና ጫንቃ ነው የሚመጣው።

አረጋውያኖቻችን ስለ ኤንትሬ ፊያት ሲያወሩ ይስቃሉ። ረዳቱ ታኮ ታቅፎ ዳገቱን በእግሩ ከመኪናው ኋላ የሚከተልበት ጊዜ ነበር ይላሉ፤ ጎማው ወደ ኋላ መንሸራተት ሲጀምር ታኮውን ጣል ማድረግ ነው። ዛሬ የሚስቁት አልፎ ስለሄደ ነው እንጂ ያን ጊዜ አንድ መኪና ቆርቆሮ ከተማው ሲገባ ሠርግ የመጣ ይመስል ነበር አሉ። መንገድ ሲዘጋ ምን እንደሚመስል ደግሞ ከአረጋውያን መጠየቅ አያስፈልገንም። በ2014 ዓ.ም. ከጥቅምት ማብቂያ እስከ ኅዳር ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ተይዘው በነበሩ ጊዜ አይተነዋል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭትም መንገድ በተዘጋ ቁጥር አይተነዋል። ግድግዳው ቆሞ ጣራ ያላገኘ ቤት ውስጥ የከረመ ሰው በመካከላችን አለ። ታዲያ ሌላው የሚዘጋብን አንሶ እኛው በገዛ እጃችን ድንጋይ እንደርድር?

ይሁን እንጂ «መኪናው ይግባ» ስንል እንደ ልቡ ይግባ ማለታችን አይደለም። እዚህ ላይ ቁጥር እንናገር። አንድ ሜትር ኪዩብ ደረቅ አሸዋ ወደ 16 ኩንታል ይመዝናል። የሲኖው ገልባጭ 16 ሜትር ኪዩብ ይይዛል። ስለዚህ 256 ኩንታል፣ ማለትም 25 ቶን ተኩል የሚያህል ጭነት ነው። እርጥብ ከሆነ ከዚያም ይበልጣል። የመኪናው የራሱ ክብደት ሲጨመርበት፣ ይኸውም ከ12 ቶን አያንስም፣ ወደ 38 ቶን ይጠጋል። በሕግ የተፈቀደው ደግሞ ለፊተኛው አክስል 8 ቶን፣ ለኋለኞቹ ለእያንዳንዳቸው 10 ቶን ነው፤ ባለሦስት አክስሉ መኪና በጠቅላላው 28 ቶን መሆኑ ነው። «አሥር ቶን ቢያልፍስ ምን አለበት?» የሚል አይጠፋም። አለበት እንጂ! አሜሪካኖች በ1950ዎቹ መጨረሻ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መንገድ ሠርተው ሆን ብለው በከባድ መኪና እያስረገጡ ፈትነውት ነበር። ያገኙት ነገር ጉዳቱ እንደ ክብደቱ ልክ የሚጨምር አለመሆኑን ነው። የአንድ አክስል ጭነት እጥፍ ሲሆን ጉዳቱ 16 እጥፍ ገደማ ይሆናል። በዚሁ ስሌት የእኛ ገልባጭ ሕጋዊ ጭነት ከጫነው ይልቅ ከሦስት እጥፍ በላይ መንገዱን ይጎዳል። ሁለት ጊዜ ተመላልሶ ግማሽ ግማሽ ቢያመጣው ኖሮ ቱቧችን ዛሬም ውሃ ባሳለፈ ነበር።

ስለ ከባድ ጭነት ከተነሣ አይቀር፣ ከእኛ ብዙም በማይርቀው በመቅደላ ያለውን ሴባስቶፖል ማስታወስ ይገባል። ዐፄ ቴዎድሮስ ያን መድፍ በጋፋት አሠርተው ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጉዙ ከጥቅምት እስከ መጋቢት 1860 ዓ.ም. ስድስት ወር ያህል ፈጅቶባቸዋል። ክብደቱ ወደ 70 ኩንታል ነው፤ የአንድ ሲኖ አሸዋ ሲሶ እንኳ አይሞላም። እኛን የሚገርመን ግን ጉልበቱ አይደለም። ንጉሡ የጅጣንና የበሽሎን ገደል አስቀድመው መንገድ እያስጠረጉ፣ ራሳቸውም ድንጋይ እያነሡ፣ መድፉን ከኋላ ማስከተላቸው ነው። እኛ ግን ጭነቱን አስቀድመን መንገዱን ከኋላ እየጠገንን ነው።

አሁን ወደ አሳባችን እንምጣ። ገልባጩና ተሳቢው ዋናው አስፋልት ዳር፣ ከድሮው የከብት ማቆሚያ ሜዳ ላይ ያራግፉ። ከዚያ ወደ ውስጥ በአይሱዙ ወይም በጋሪ ይግባ። «ሁለት ጊዜ ማራገፍ ሁለት ጊዜ መክፈል ነው» የምትሉ እውነታችሁን ነው፤ ይህን አንክድም። ቤት የሚሠራው ሰው ኪስ ይጎዳል። ነገር ግን እስከ ዛሬ ይህን ሒሳብ ማን ሲከፍለው እንደኖረ እናስብ፤ ጤፏ የበሰበሰባት እናታችን ናት የከፈለችው፣ ያውም ቤት ሳትሠራ። ደግሞም የሚጨመረው ገንዘብ ወደ ሩቅ አይሄድም፤ ጭነቱን የሚያነሡት የሠፈራችን ጫኝና አውራጆች፣ የሚያጓጉዙትም የሠፈራችን ጋሪዎች ናቸው። ዝናብ በጣለ ማግስት ግን አይሱዙም ቢሆን አይግባ፤ አንድ ቀን ይቆይ።

ሲሚንቶን በተመለከተ፣ ሜዳ ላይ ማሳደር እንደማይቻል እናውቃለን። እርጥበት ያገኘው ከረጢት ድንጋይ ሆኖ ያድራል። ስለዚህ ለሲሚንቶ ብቻ፣ በበጋ፣ ቀኑ አስቀድሞ ለማኅበሩ ተነግሮ አነስተኛ መኪና በቀጥታ ይግባ ብለናል። በሎቤድ ተጭኖ የሚመጣ ኤክስካቫተርም አለ። እሱ ከሎቤዱ ወርዶ በሰንሰለቱ ሲራመድ መንገዱን እንደ ማረሻ ነው የሚያርሰው። አሮጌ ጎማ ወይም ጣውላ ከሥሩ እየተነጠፈለት ይሂድ፤ ጎማውን የሚያቀርበው አስመጪው ነው። መንገድ ላይ የተደፋ አሸዋም ከሦስት ቀን በላይ አይቆይ፤ ቦዩን የሚደፍነው እሱ ነው።

አሳባችንን ተቃውማችሁ የተሻለ ብታመጡ እኛ አንከፋም። በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ አሸዋ ያስመጣው አባላችንም ቢናገር ደስ ይለናል፤ አዲሱን ቱቦ በግማሽ ለመግዛት ራሱ ጠይቋልና ይህን ሳንጽፍ ብንቀር ግፍ ይሆንብናል።

ቱቦው ለጊዜው በባሕር ዛፍ ግንድ ተደግፏል፤ እግረኛና አህያ እንጂ ሌላ አይለፍበት። ያስቀመጥናቸው ግንዶች አራት ነበሩ። ዛሬ ጧት ስንቆጥር ሦስት ሆነዋል። ለማገዶ የወሰዳችሁ ካላችሁ ሳትፈልጡት መልሱልን።