ባቡራችን ቆሞ ይታይ ወይስ ዞሮ ይታይ?

በዚህ ዓመት በእጅ ሥራ ክበባችን ውስጥ የተነሣው ክርክር ከክበቡ አልፎ በየክፍሉ ስለ ተሰማ፣ እኔም በበኩሌ የማስበውን በዚህ መጽሔት ላይ ለመግለጽ ተነሣሁ። ነገሩ የመጫወቻ ባቡር ነገር ነው። «11ኛ ክፍል ደርሳችሁ በመጫወቻ ትከራከራላችሁን?» የሚል ሰው ቢኖር አልቀየምም፤ አባቴም በመጀመሪያው ቀን ያሉኝ ይህንኑ ነው። ነገር ግን ጥቂት ታግሦ ቢያነብልኝ ክርክሩ ስለ መጫወቻ ብቻ አለመሆኑን ይረዳልኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ክበባችን የሚገጣጠሙ የመጫወቻ ጡቦች አሉት። ሐዲዱና መንኰራኵሮቹ የአንዲት አባላችን አክስት ከውጭ አገር ሲመለሱ ያመጡላት የሌጎ ዕቃ ነው፤ የቀረውን ጡብ በመዋጮ ከመርካቶ ገዛን። የሰፈራችን ስም ዓለም ባንክ ቢሆንም በየቤቱ ባንክ የለምና መዋጮው ሁለት ወር ፈጀ። ከዚህ በኋላ በወረቀት የተሰጠውን ንድፍ ከመከተል ይልቅ የራሳችንን ፉርጎ እንሥራ ተባለ። የመረጥነውም ወንድ አያቴ በወጣትነታቸው ከለገሃር ተሳፍረው እስከ ድሬዳዋ የሄዱበትን፣ ጣሊያኖች ያመጡትን ሊቶሪና የሚመስል ረጅም ፉርጎ ነው። ርዝመቱ 32 ጉጥ ሆነ። ጉጥ የምለው በጡቡ ራስ ላይ ያለውን ክብ እብጠት ሲሆን፣ ከአንዱ ጉጥ መካከል እስከ ሚቀጥለው መካከል 8 ሚሊ ሜትር ነው። እንግዲህ ፉርጎው 256 ሚሊ ሜትር ይረዝማል ማለት ነው።

ፉርጎው በቀጥታው ሐዲድ ላይ እንደ ውሃ ፈሰሰ፤ ሁላችንም አጨበጨብን። ኩርባው ላይ ሲደርስ ግን ሆዱ የጣቢያውን ግድግዳ መትቶ አፈረሰና ራሱም ሐዲድ ለቆ ወደቀ። እኔ በዚያን ጊዜ ጥፋቱን በሐዲዱ ላይ ጣልሁ፤ «ኩርባው ጠማማ ነው» ብዬ አፌን ሞልቼ ተናገርሁ። ኩርባ ጠማማ ባይሆን ምን ሊሆን ኖሯል?

አሁን በክበቡ የቀረበው ሐሳብ እንዲህ ነው፤ በወላጆች ቀን ባቡሩ በሙጫ ተጣብቆ፣ በቀጥታ ሐዲድ ላይ ቆሞ፣ በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ይታይ ይላሉ። የሐሳቡ ደጋፊዎች ብዙዎች ናቸው፤ ምክንያታቸውም የሚናቅ አይደለም። በእንግዶች ፊት ቢወድቅ እናፍራለን ይላሉ። ደግሞም ጡቡ እየጠፋ ነው ይላሉ፤ ይህስ እውነት ነው፤ ከመስከረም ወዲህ የጠፋውን እኔም ቈጥሬዋለሁ። እኔ ግን ባቡሩ ሳይጣበቅ፣ በክብ ሐዲድ ላይ፣ በወላጆቻችን ፊት ይዙር እላለሁ።

ምክንያቴን ላስረዳ። በቀጥታ ሐዲድ ላይ የሚቆም ፉርጎ ለመሥራት ዕውቀት አያስፈልግም፤ አራት መንኰራኵር ያለው ሣጥን ሁሉ ይቆማል። ሥራው ያለው በኩርባው ላይ ነው። የእኛ ሐዲድ 16 ጥምዝ ቁራጮች ሲገጣጠሙ አንድ ሙሉ ክብ ይሆናሉ፤ ከክቡ መካከል እስከ ሐዲዱ መካከል ያለው ርቀት ማለት ሬድየሱ 40 ጉጥ፣ ይኸውም 320 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ምን ያህል ጠባብ እንደ ሆነ ለመገመት፣ 20 ሜትር የሚረዝም እውነተኛ ፉርጎ 25 ሜትር ሬድየስ ባለው ኩርባ ሲዞር እናስብ። አገር አቋራጭ ባቡር የሚሄድበት ኩርባ ሬድየሱ በመቶ ሜትሮች ይቈጠራል፤ በእንዲህ ያለ ጠባብ ቦታ የሚዞረው የከተማ ትራም ነው።

በቤታችን ሴት አያቴ ጥጥ የሚነድፉበት ደጋን አለ። አንድ ማታ እርሱን ስመለከት ነገሩ ሁሉ ተገለጠልኝ። ሐዲዱ እንደ ደጋኑ እንጨት ጐባጣ ነው፤ ፉርጎው እንደ ጅማቱ ቀጥ ያለ ነው። ከፉርጎው በታች ያሉት ሁለቱ ባለ አራት መንኰራኵር ጋሪዎች፣ በውጭ አገር ስማቸው ቦጊ የሚባሉት፣ ጅማቱ ከእንጨቱ ጋራ የሚታሰርባቸው ቦታዎች ናቸው። እንግዲህ በሁለቱ ጋሪዎች መካከል ያለው ሆድ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ከጋሪዎቹ ውጭ የተረፈው ጫፍ ደግሞ ወደ ውጭ ይወጣል። ጋሪዎቹ ከተራራቁ ሆዱ ይብሳል፤ ከተቀራረቡ ጫፉ ይብሳል። ይህን በማግስቱ ለሒሳብ መምህራችን በነገርኋቸው ጊዜ ምንም ሳይመልሱ በጥቁር ሰሌዳው ላይ የፓይታጎረስን ሦስት ማዕዘን ሣሉልኝና ጠመኔውን ሰጡኝ።

ሒሳቡ እንዲህ ወጣ። በመጀመሪያ ጋሪዎቹን በ24 ጉጥ አራርቀናቸው ነበር፤ ሆዱ 15 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ይገባ ነበርና ግድግዳውን ያፈረሰው እርሱ ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ጓደኛችን ወደ 16 ጉጥ አቀራረባቸው። ሆዱ ወደ 6 ሚሊ ሜትር ቀነሰ፤ ጫፉ ግን 19 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ተወርውሮ የምልክቱን ምሰሶ ጣለ። ሁለቱ እንዲመጣጠኑ በጋሪዎቹ መካከል ያለው ርቀት ከፉርጎው ርዝመት ከመቶ ሰባ እጅ ጥቂት መብለጥ አለበት። ከ32 ጉጥ ላይ ይህ 22 ጉጥ ገደማ ነው። በ22 ጉጥ ሆዱ 12፣ ጫፉ 13 ሚሊ ሜትር ሆነ፤ ግድግዳውም ምሰሶውም ተረፉ።

በዚህ አላበቃም። ማያያዣውን ከፉርጎው አካል ላይ ሰክተነው ስለ ነበር፣ ጫፉ ወደ ውጭ በወጣ ቍጥር የኋለኛውን ፉርጎ እየጎተተ ከሐዲድ ያስወጣው ነበር። ማያያዣውን ከጋሪው ጋራ ስናስረው፣ ጋሪው ሐዲዱን ስለሚከተል ማያያዣውም አብሮ ተከተለ። ደግሞ ጋሪው በኩርባው ላይ ከፉርጎው አንጻር 16 ዲግሪ ያህል መዞር ሲኖርበት፣ ለውበት ብለን ያደረግነው የበሩ ደረጃ መንኰራኵሩን ይዞ ያስቆመው ነበር። እኔ የወደድሁት ያን ደረጃ ነበር፤ ሦስት ቀን የሠራሁትም እኔ ነኝ። ነቅዬ ወደ መካከል አዛወርሁት። በመጨረሻም የሁለት ፉርጎዎች የውስጥ ማዕዘኖች እንዳይጋጩ ከየጫፉ አንድ አንድ ጉጥ ቀነስን።

አንዳንዶች «ለምን ይህን ሁሉ ድካም? ፉርጎውን አሳጥሩት» ይላሉ። አጭር ፉርጎ በቀላሉ እንደሚዞር አልክድም። ነገር ግን አጭሩ ሊቶሪናን አይመስልም፤ ወንድ አያቴም አይተው «ይህ የከሰል ጋሪ ነው» ብለውናል። ሌሎች ደግሞ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ እንደ ጀመረው የከተማችን ቀላል ባቡር አካሉን ከፋፍላችሁ በመካከሉ የሚታጠፍ አድርጉት ይላሉ። ይህ የሚያስመሰግን ሐሳብ ነው። ጦር ኃይሎች ቆሞ የተመለከተ ሰው በክፍሎቹ መካከል እንደ አኮርዲዮን የሚታጠፈውን መገናኛ ያያል፤ ረጅም ሆኖ እንደ ልብ የሚዞረው በእርሱ ነው። በሚቀጥለው ዓመት እንሞክረዋለን፤ ጡቡ ከተጣበቀ ግን በምን እንሞክረዋለን?

ታላላቆቹም ቢሆኑ ያሰቡት ከመንገዱ ጀምረው ነው። ዐፄ ምኒልክ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃዱን በ1886 ዓ.ም. ከሰጡ በኋላ፣ ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ከ2,000 ሜትር በላይ የሚወጣ መንገድ ነው። የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር ነበር፤ ሐዲድ ሲጠብ ኩርባውንም ማጥበብ ይቻላል፤ ተራራውን ከመብሳት ይልቅ መዞር ይቻላል፤ ወጪውም ይቀንሳል። ፉርጎዎቹም የተሠሩት ለዚያ ሐዲድ ተለክተው ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የጅቡቲ መስመር 1 ሜትር ከ435 ሚሊ ሜትር ስፋት ስላለው፣ የጥንቱ ፉርጎ እንዳለ ቢነሣ በእርሱ ላይ ሊሄድ አይችልም። እኛ ደግሞ ከሌላ ሰው ወረቀት ላይ የተቀዳ ፉርጎ ይዘን በጠረጴዛችን ላይ ለምን አልዞረም ብለን እንደነቃለን።

ስለ ሐፍረቱ ጥቂት ልናገር። ባቡሩ በወላጆች ፊት ሊወድቅ ይችላል፤ በዚህ ሳምንት ከ20 ዙር ሁለት ጊዜ ወድቋል። የመርካቶው ጡብ አንዳንዱ ይላላልና በመንቀጥቀጥ ብዛት ይፈታል። ቢወድቅ አንሥቼ እንደገና በሐዲዱ ላይ አኖረዋለሁ፤ ለምን እንደ ወደቀም ለጠየቀኝ ወላጅ በሒሳብ አስረዳለሁ። በመስተዋት ውስጥ ለተጣበቀው ግን ሊጠየቅ የሚችለው ጥያቄ «ዋጋው ስንት ነው?» የሚለው ብቻ ነው።

አባቴ በሚቀጥለው ዓመት የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና እንዳለብኝ ዘወትር ያሳስቡኛል፤ ትክክል ናቸው። ይሁን እንጂ የክብና የአውታር ትምህርት ሁለት ጊዜ ተምሬው ሁለት ጊዜ ረስቼው ነበር። ባለፈው እሑድ ሣሎናችን ውስጥ ሐዲዱን ዘርግቼ ሳሳያቸው ማስመሪያ አምጥተው ራሳቸው ለኩ። የእኔን ሒሳብ በ1 ሚሊ ሜትር አሳሳቱት፤ ከዚያም እስከ እራት ሰዓት ድረስ ተከራከርን።

እንግዲህ የምለምነው ይህን ነው። ለወላጆች ቀን ስፋቱ ከአንድ ሜትር የማያንስ፣ የማይነቃነቅ ጠረጴዛ ይሰጠን። ስለ ጡቡ መጥፋት የሚያሳስባቸው አባሎች እንዳሉ አውቃለሁና ሣጥኑን በየቀኑ ቈጥሬ ለመረከብና ለማስረከብ እኔው ፈቃደኛ ነኝ። ሙጫው ተገዝቶ በክበቡ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል፤ ይህን እስከ ጻፍሁበት ቀን ድረስ አልተከፈተም።