ሶኬቱን አትቁረጡብን

አዲስ አበባ ላይ የምናያቸው ብዙዎቹ ቪትዞች መጀመሪያ የተሠሩት ለጃፓን ገበያ ነው፡፡ ጃፓኖች ግራቸውን ይዘው ይነዳሉ፤ እኛ ቀኛችንን፡፡ ስለዚህ መኪናዋ እኛ ጋ ከመድረሷ በፊት ዱባይ ላይ መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ ይዞራል፡፡ መሪው ይዞራል፣ ፔዳሉ ይዞራል፣ ዳሽቦርዱ ይቀየራል፡፡ ቴፑ ግን ብዙ ጊዜ እንደነበረ ይመጣል፡፡ ቁልፍ በተዞረ ቁጥር በጃፓንኛ ሰላምታ ያቀርባል፣ ሰላምታውን ሲጨርስም የቶኪዮን ካርታ የያዘ ካርድ እንድናስገባለት ይጠይቃል፡፡

ይሄ እንኳን ይታለፋል፡፡ የማይታለፈው ሬዲዮው ነው፡፡ ለጃፓን የተሠሩት የቆዩ ቴፖች ኤፍኤም የሚይዙት ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ነው፡፡ እስኪ የኛን ጣቢያዎች ቁጠሩ፤ 97.1፣ 98.1፣ 102.1… ከተማው በሙሉ ከሬዲዮው አጥር ውጭ ነው! መኪና ገዝተን፣ ነዳጅ ተሰልፈን ሞልተን፣ ቦሌ መንገድ ላይ ቆመን የምንሰማው ሹሹታ ነው፡፡

በእርግጥ አንቴናው መሀል የሚገባ ትንሽ ሳጥን አለ፤ ከጣቢያው ቁጥር ላይ ቀንሶ ሬዲዮው ወደሚያውቀው ያወርደዋል፡፡ 20 የሚቀንሰውን ከገዛችሁ 102.1ን 82.1 ላይ ታገኙታላችሁ ማለት ነው፡፡ ይሠራል፡፡ ነገር ግን ድምፁ ይሻክራል፣ ሰላምታውም ጃፓንኛ እንደሆነ ይቀጥላል፡፡ ስለዚህ ብዙዎቻችን ውለን አድረን አዲስ ቴፕ እንገዛለን፡፡ (በነገራችን ላይ ካሴት የሚባል ነገር በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ልጅ ሳይቀር ዛሬም ‹‹ቴፕ›› ነው የሚለው፤ ደግ አደረገ፡፡)

ከዚያስ? ከዚያማ መኪናውን ኤሌክትሪሺያኑ ጋ አቁመን፣ ማዶ ካለው ካፌ ማኪያቶ አዝዘን እንቀመጣለን፡፡ ከአንድ ሰዓት በኋላ ስንመለስ ቴፑ ይጮሃል፡፡ እንከፍላለን፣ እንሄዳለን፡፡ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ምን እንደተደረገ የሚጠይቅ የለም፡፡

የኛ ሐሳብ ማኪያቶው ይቅር ነው፡፡ ቴፑን ራሳችን እንግጠመው፡፡ እጃችን እምቢ ካለንም ቢያንስ አጠገቡ ቆመን እንይ፡፡

ይህን ስንል የሚመጣውን እናውቃለን፡፡ ቅዳሜ ጠዋት ግቢ ውስጥ ካቻቢቴ ይዛችሁ ዳሽቦርድ ስትፈቱ የሚያልፍ ጎረቤት ሁሉ ቆሞ ‹‹ምነው፣ ባለሙያ ጠፋ እንዴ?›› ይላል፡፡ እናት ትጨነቃለች፡፡ ዲግሪ የጫነ ሰው እጁ በግራሶ ከተበከለ የሆነ ነገር የጎደለበት ይመስለናል፡፡ ይህ የቆየ በሽታችን ነው፡፡ ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ ሸክላ የምትሠራውን ስም እየሰጡ ማንቋሸሽ እንዲቀር ዳግማዊ ምኒልክ አዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም. ነው፡፡ የመጀመሪያዋ አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባችውም በዚያው ዓመት ነው፡፡ መኪናው በዛ፤ አዋጁ ግን እስከ ዛሬ ልባችን ውስጥ አልገባም፡፡ ዛሬ ሠራተኛውን በስሙ አንሰድበው ይሆናል፤ ሥራውን ግን ዞር ብለን አናይም፡፡ እሱም ስድብ ነው፡፡

‹‹የድሃውን ኤሌክትሪሺያን እንጀራ ልትወስዱበት ነው?›› የሚለን ደግሞ አይጠፋም፡፡ እስኪ ረጋ ብለን እናስበው፡፡ ሁለት ኤሌክትሪሺያኖች አሉ እንበል፡፡ አንዱ የመኪናውን ሶኬት ሳይነካ፣ ለቶዮታ የተሠራውን ማገናኛ ሶኬት ገዝቶ ይሰካል፡፡ ሌላው ሶኬቱን በፒንሳ ቆርጦ ይጥልና ሽቦውን በጣቱ ጠምዝዞ ናስትሮ ይጠመጥምበታል፡፡ ሁለተኛው ይፈጥናል፣ ወጪውም ትንሽ ነው፡፡ ዳሽቦርዱ ከተዘጋ በኋላ ሁለቱ ሥራዎች አንድ ይመስላሉ፤ ሁለቱም ቴፖች ይጮሃሉ፡፡ ታዲያ የማያይ ደንበኛ የሚመርጠው የትኛውን ነው? ርካሹን፡፡ ጎበዙን ከገበያ የሚያስወጣው ማኪያቶ ላይ የተቀመጠው ደንበኛ ነው፤ ሥራውን የሚያውቅ ደንበኛ አይደለም፡፡ አንድ ጊዜ በራሱ እጅ የገጠመ ሰው ሁለተኛ መኪናውን ለሠራተኛ ቢሰጥ እንኳ ‹‹ሶኬቱን አትቁረጥብኝ›› ማለት ያውቃል፤ ለዚያም ተጨማሪ ብር ሲጠየቅ ይከፍላል፡፡

እሺ፣ ወደ ሽቦው እንግባ፡፡ ከውጭ ሲያዩት የእባብ ጎጆ ይመስላል እንጂ ቁም ነገሩ ሦስት ሽቦ ነው፡፡ ከአብዛኞቹ አዲስ ቴፖች ጀርባ የምታገኙት ቢጫ፣ ቀይና ጥቁር ነው፡፡ ጥቁሩ ኔጌቲቭ ነው፤ ከመኪናው ብረት ጋር ይገናኛል፡፡ ቢጫው ቁልፍ ኖረም አልኖረም ሁልጊዜ ከባትሪ ኃይል ማግኘት ያለበት ነው፤ ቴፑ የሚበላው ኃይል በአብዛኛው የሚመጣው በሱ ነው፣ የጣቢያ ማስታወሻውንም የሚጠብቀው እሱ ነው፡፡ ቀዩ ግን ‹‹ቁልፍ ተዞሯል፣ ተነሳ›› ብሎ የሚያስነግር አዋጅ ነጋሪ ነው፤ ቁልፍ ሲወጣ እሱም ዝም ማለት አለበት፡፡

አሁን ስሕተቶቹን ራሳችሁ ማየት ትችላላችሁ፡፡ ቢጫውም ቀዩም ቁልፍ ሲዞር ብቻ ኃይል ከሚያገኘው ሽቦ ጋር ከታሰሩ ቴፑ ቁልፍ በወጣ ቁጥር ጣቢያውንም ሰዓቱንም ይረሳል፡፡ ይህ ያናድዳል እንጂ አይጎዳም፡፡ ሁለቱም ከማይጠፋው ሽቦ ጋር ከታሰሩ ግን ቴፑ አይተኛም፡፡ አንድ ጓደኛችን በየሰኞ ጠዋቱ መኪናው አልነሳ እያለው ሁለት ባትሪ ለወጠ፡፡ ለምን ሰኞ? ቅዳሜና እሁድ ስለሚያቆማት ነዋ! ስክሪኑ የጠፋ ቴፕ ነቅቶ ግማሽ አምፒር ቢወስድ፣ በ48 ሰዓት 24 አምፒር-ሰዓት ነው፡፡ ባትሪው 40 ከሆነ ከግማሽ በላይ አለቀ ማለት ነው፡፡ መኪናው ኦቶማቲክ ስለሆነ ሰፈር ጠርቶ በግፊ ማስነሳት አይቻል፣ ያለው አማራጭ ከጎረቤት ባትሪ በገመድ መበደር ነበር፡፡ ጥፋቱ የአንድ ቀይ ሽቦ ነበር፤ ተፈትቶ ቦታውን ለመቀየር አሥር ደቂቃ አልፈጀም፡፡

ከመኪናው በኩል ያሉት ሽቦዎችስ? በብዙ ቶዮታዎች ሰማያዊ ቢጫ መስመር ያለበት የማይጠፋው ነው፣ ግራጫው በቁልፍ የሚመጣው፣ ቡናማው ኔጌቲቭ፣ አረንጓዴው መብራት ሲበራ የሚበራው፡፡ ይህን በቃላችሁ ያዙት፤ ይዛችሁ ግን አትመኑት፡፡ መሪ የዞረላት መኪና ሽቦዋ የት ተቆርጦ በምን ቀለም እንደተቀጠለ የምታውቁበት መንገድ የለም፡፡ በዚያ ላይ ከናንተ በፊት ሌላ ሰው ቴፕ ለውጦ ይሆናል፡፡ ቀለም ይዋሻል፤ ቴስተር አይዋሽም፡፡ ቁልፍ ሳይዞር 12 ቮልት ገደማ የሚያሳየው ሽቦ ቢጫውን ይጠብቃል፡፡ ቁልፉን አንድ ደረጃ ስታዞሩ አዲስ 12 የሚያሳየው ቀዩን ይጠብቃል፡፡ የፊት መብራት ስታበሩ የሚነቃውን ለይታችሁ ተዉት፡፡ ስትለኩ የሽቦ ጫፍ ከብረት እንዳይነካ ተጠንቀቁ፤ ኮንታክት ከፈጠረ ፊውዝ ይበላል፡፡ የተቃጠለውን ፊውዝ በሽቦ ወይም በሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት መተካት የሚባል ልማድ አለ፤ እባካችሁ! ፊውዙ የተቃጠለው መኪናዋ እንዳትቃጠል ነው፡፡

የስፒከር ሽቦዎችን ለመለየት ደግሞ ባለ 1.5 ቮልት የግድግዳ ሰዓት ድንጋይ ይበቃል፡፡ ሽቦዎቹ ከቴፕ ጋር ሳይገናኙ፣ ሁለቱን ጫፎች ለአፍታ ድንጋዩ ላይ ንኩ፡፡ ከአንዱ በር ‹‹ጧ›› የሚል ትሰማላችሁ፤ የየትኛው በር እንደሆነ ታወቀ፡፡ ስፒከሩ የሚታይ ከሆነ መሀሉ ወደ ውጭ ከገፋ የድንጋዩ ፖዘቲቭ የነካው ሽቦ ፖዘቲቭ ነው፤ ወደ ውስጥ ከገባ የተገላቢጦሽ፡፡ ይህን የሚንቅ ብዙ ነው፤ ‹‹እስከጮኸ ድረስ ምን ቸገረኝ›› ይላል፡፡ አንዱ ስፒከር ወደ ፊት ሲገፋ ሌላው ወደ ኋላ ከሳበ ግን ቤዙ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፡፡ አዲስ ስፒከር ገዝተው ‹‹ቤዝ የለውም›› እያሉ ከሚያማርሩት ውስጥ ስንቱ የተገለበጠ ሽቦ ይዞ እንደሚዞር እግዜር ይወቀው፡፡ አንድ ነገር ጨምሩበት፤ የስፒከርን ኔጌቲቭ ከመኪናው ብረት ጋር አታገናኙ፡፡ እንደ ቆዩት ሬዲዮኖች አይደለም፤ የዛሬ ቴፕ ሁለቱንም ሽቦ ስለሚገፋ ውስጡ ይቃጠላል፡፡

ካርቶኑ ላይ ስላለው ‹‹4 × 50 ዋት››ም አንድ ነገር እንበል፡፡ ከቴፑ ጀርባ ያለውን ፊውዝ እዩት፤ ብዙ ጊዜ 10 ነው፡፡ 10 አምፒር በ14 ቮልት ቢባዛ 140 ዋት ነው፤ 200 ከየት መጣ? ከ140ውም ግማሽ ያህሉ ሙቀት ሆኖ ይባክናል፡፡ ለአንድ ስፒከር የሚደርሰው እውነተኛ ኃይል ከ20 ዋት ብዙም አይርቅም፡፡ ይህን የምናወራው ‹‹የሱ 60 ነው፣ የዚህ 50 ነው›› እየተባለ ዋጋ ሲጨመርብን ሶማሌ ተራ ላይ ቆመን የምንስቅበት እንዲኖረን ነው፡፡ ከዚህ በላይ ጩኸት የሚፈልግ አምፕሊፋየር ይገዛል፤ የሱ ወፍራም ገመድ በቀጥታ ከባትሪ ነው የሚመጣው፣ ፊውዙም ባትሪው ሥር መሆን አለበት፡፡ ጎረቤት ሌሊት እንዲተኛ የሚያደርግ ፊውዝ ግን ገና አልተሠራም፡፡

ልኩ አያስጨንቃችሁ፡፡ መደበኛው ትልቁ ቴፕ 18 በ10 ሴንቲሜትር ነው፣ የቶዮታ ቀዳዳ 20 በ10፡፡ በግራና በቀኝ አንድ አንድ ሴንቲ ክፍተት ይቀራል፤ ለሱ ፕላስቲክ መሙያ ይሸጣል፣ ወይም በ20 ልክ የተሠራውን መግዛት ነው፡፡ የሚያስፈልገው ዕቃ ካቻቢቴ፣ 10 ቁጥር ቁልፍ፣ ቴስተርና ትዕግሥት ነው፡፡ ሽቦ መቀጠል ግድ ከሆነ በየዱት፣ ወይም በሚጨመቅ ማያያዣ እሰሩት፤ ናስትሮ ብቻውን ፀሐይ በበላው ዳሽቦርድ ውስጥ ሙጫው ቀልጦ ይላቀቃል፡፡

እጃችንን የምንሰበስብበትም ቦታ አለ፡፡ ሥራ ከመጀመራችን በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈትተን ቢያንስ 90 ሴኮንድ እንጠብቃለን፤ ኤርባጉ ውስጥ የቀረው ኃይል እስኪወጣ ነው፡፡ ለመለካት ባትሪውን የምንመልሰውም ሽቦዎቹን ሁሉ ካየን በኋላ ነው፡፡ ቢጫ ሶኬት ካያችሁ አትንኩት፣ በቴስተርም አትለኩት፤ የኤርባግ ነው፡፡ በኤሌክትሪክ መኪኖች ውስጥ ደግሞ ብርቱካናማ ገመድ የከፍተኛ ቮልት ገመድ ነው፤ እዚያ ቀልድ የለም፡፡ አዲሶቹ ላይ ስክሪኑና መኪናው አንድ አካል ስለሆኑ ቴፕ መለወጥ የሚባለው ነገር ራሱ ትርጉሙን እያጣ ነው፡፡ ከጃፓንኛ ወደ ቻይንኛ የተሸጋገርንባቸውም አሉ፡፡

የቆዩት መኪኖች ጉዳይ ግን የሚያሳስበን በዚሁ ምክንያት ነው፡፡ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ እዚህ ያለችው ቪትዝ ሌላ ትመጣለች ተብላ የምትጣል መኪና አይደለችም፡፡ ከእጅ ወደ እጅ ትዞራለች፡፡ አንዱ የቆረጠውን ሶኬት ሁለተኛው ይጠመዝዛል፣ ሦስተኛው ናስትሮ ይደርባል፣ አራተኛው ሌሊት የጎማ ሽታ ይሸተዋል፡፡ አራተኛው ማን እንደሚሆን አናውቅም፤ ታናሽ እህታችን ልትሆን ትችላለች፡፡ ስለዚህ ማገናኛ ሶኬቱን ግዙ፡፡ አሮጌውንም ቴፕ ከነብሎኑ በካርቶን አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ የመኪናው ሶኬት ደህና ከሆነ መልሶ መሰካት የደቂቃዎች ሥራ ነው፡፡

ዳሽቦርዱን ከመግጠማችሁ በፊት ቴፑ እንደተንጠለጠለ ሞክሩት፡፡ ድምፁን ወደ አንድ አንድ ስፒከር እየላካችሁ አራቱንም ስሙ፡፡ ቁልፍ አውጡና ስክሪኑ መጥፋቱን እዩ፣ መልሳችሁ ስታስነሱ ሰዓቱ አለመዛባቱን አረጋግጡ፡፡ አራቱን ፍሬቻ በአንድ ጊዜ የሚያበራው ቁልፍ ሶኬቱ ተነቅሎ የሚረሳው እዚህ ላይ ነው፤ ተጫኑት፡፡ ከዚያ 102.1ን ፈልጉ፡፡ ጥርት ብሎ ከመጣ ዝጉት፡፡