«ያልተገለጸ» ሕመም፣ ያልታየ ሕመምተኛ

ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ውስጥ ወደሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ ሁለት ሕሙማን ገቡ እንበል። አንደኛው ያለ ኢንሱሊን በሕይወት መቆየት የማይችል የ12 ዓመት ልጅ ነው፤ ሌላዋ ስኳራቸውን በእንክብል የሚቆጣጠሩ፣ ነገር ግን ስኳሩ ኩላሊታቸውን የጎዳባቸው የ60 ዓመት እናት ናቸው። በመዝገቡ ላይ የሁለቱም ሕመም «ስኳር» ተብሎ ብቻ ቢሰፍር ማን ምን ያጣል?

በዓለም የጤና ድርጅት 10ኛው የበሽታዎች ምደባ የልጁ ሕመም ኢ10፣ የእናቲቱ ኢ11.2 ነው፤ ከነጥቡ በኋላ ያለችው 2 የኩላሊቱን ጉዳት ትናገራለች። ኢ14 ግን «ዓይነቱ ያልተገለጸ» ማለት ነው። ሁለቱንም ኢ14 ብሎ የመዘገበ ባለሙያ ዋሽቷል አይባልም፤ እውነቱን ግን ቀብሮታል። የጤና መድን ክፍያን የሚመረምረው ሰው ኢንሱሊኑ ለምን እንደታዘዘ በምን ያውቃል? የመድኃኒት ግዢ የሚያቅደውስ ስንት ብልቃጥ እንደሚያስፈልግ ከየት ያገኛል?

ነገሩ እንደኛ ላለ አገር ይበልጥ ይከብዳል። ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን የስኳር ሕመም የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1985 ራሱን የቻለ ዓይነት አድርጎ መደበው፤ በ1999 ሰረዘው። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ደግሞ በ2025 «አምስተኛው ዓይነት» ብሎ መለሰው። ሕመሙ ስም ያጣ ድሃ በበጀት ውስጥም አይታይም።

ስለዚህ ከባለሙያው ትክክለኛ ኮድ የሚጠይቅ መንግሥት፣ አስቀድሞ የመመርመሪያ ጊዜና መሣሪያ ይስጠው። ዓይነቱ በእርግጥ ካልታወቀ ኢ14 ይጻፍ፤ የቸልተኝነት መሸሸጊያ ግን አይሁን።